መኪናዋ የማትናገረውን ሰሌዳው ይናገር

በወረታ ከተማ ለተሽከርካሪ ዐውደ ርእይ ለሚዘጋጁ ባለንብረቶች፣ ሹፌሮች፣ መካኒኮችና ተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ስለ መኪና ልነግራችሁ አልመጣሁም። ስለ መኪና እናንተ ከእኔ በብዙ ትበልጣላችሁ። የመጣሁት በዐውደ ርእይ ላይ ከመኪናው አጠገብ ስለሚቆመው ሰሌዳ ላወራችሁ ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ የታያችሁ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። ብዙ ጊዜ የሚሆነውን አውቀዋለሁና። ባለንብረቱ መኪናውን ሲያሳጥብ፣ ሲያስወለውል፣ የተላጠውን ቀለም ሲያስነካ፣ ጎማውን ሲያስጠቁር ይሰነብታል። ሰሌዳው ትዝ የሚለው በዋዜማው ማታ ነው። ያኔ ወደ ማተሚያ ቤት ይሮጥና «የመኪናዬን ፎቶ አድርጉበት፤ ስሟንና ሞዴሏን ጻፉበት፤ ከሥር ስልኬን አስገቡልኝ» ይላል። በማግስቱ ጎብኚው ይመጣል። ነጭ ኢሱዙ ፊት ቆሞ «ነጭ ኢሱዙ» የሚል ጽሑፍ ያነባል፤ ከነጯ ኢሱዙ ጎን የዚያችኑ ኢሱዙ ፎቶ ያያል። ሁለቴ አይቶ ምንም ሳይጨምር ይሄዳል።

የዛሬው ሐሳቤ አንድ ነው። ሰሌዳው ዓይን የሚያየውን አይድገም፤ ዓይን የማያየውን ይናገር። እዚህ ፎገራ ሜዳ ላይ በሠራች መኪና ላይ ደግሞ ዓይን የማያየው ነገር ሞልቷል፤ የወጣችው ዳገት፣ የተሸከመችው እህል፣ የተሻገረችው ውሃ፣ የጠገናት እጅ።

«ለመሆኑ የመኪና ትርኢት ከገበሬ አገር ጋር ምን አገናኘው? ይህ የአዲስ አበባ ነገር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። ወረታ የመንገድ ልጅ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከዚሁ ከከተማዋ ሌላ መንገድ ወደ ምሥራቅ ይገነጠልና በዓለም በር በኩል ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ከዚያም ደጋ ለደጋ ወልድያ ድረስ ይዘልቃል። ርዝመቱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተደረገ ስምምነት ቻይናዎች ጀምረውት፣ በደርግ ዘመን ነው ያለቀው። ዛሬ ከተማዋ ደረቅ ወደብ አላት። የፎገራ ሩዝ ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው በጎማ ነው። ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ቅጥቅጡ፣ ኢሱዙው፣ በእጅ የሚነዳው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ሁሉም እዚህ እንጀራ ያበላሉ። እንዲህ ያለ ከተማ መኪናውን አሰልፎ ታሪኩን ቢናገር ያምርበታል እንጂ አይበዛበትም።

የደቡብ ጎንደር የመንኮራኩር ታሪክ ከሞተርም ይቀድማል። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ባለእጆች ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እስቲ አንድ ሰሌዳ ጸሐፊ «ሴባስቶፖል፤ ክብደት 70 ኩንታል ገደማ» ብሎ ጽፎ ቢያቆም ምን ይሰማችኋል? ሰባ ኩንታልማ ዛሬ አንድ የጭነት መኪና በአንድ ጉዞ የሚያደርሰው ነው። አሁን ሌላው ሰሌዳ ጸሐፊ እንዲህ ይጻፍ፤ «ይህን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ሰው እየጎተተው፣ ፊት ፊቱ መንገድ እየተጠረገለት፣ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ።» ክብደቱ አልተለወጠም። ሁለተኛው ሰሌዳ ግን ከቁጥሩ ጎን ሥራውን አቆመለት፤ አንባቢው ሸክሙን በትከሻው ላይ አወቀው። ቁጥር ስትጽፉ ይህን አስታውሱ፤ ምን እንደ ሠራ ያልተነገረለት ቁጥር ከጎብኚው ጋር ቤት አይገባም።

ወደ አገራችን የመጀመሪያው መኪና የመጣበት ወሬም ይህንኑ ይመሰክራል። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ። የዚያች መኪና የፈረስ ጉልበት ስንት እንደ ነበረ የሚያስታውስ የለም ማለት ይቻላል። ሲወራ የኖረው መንገድ በሌለበት አገር በረሃና ዳገት አቋርጣ መግባቷ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ ምን እንደሚጻፍ፣ ቀጥሎ እንዴት እንደሚጻፍ፣ በመጨረሻም የት እንደሚቆም እናያለን።

ጽሑፍ ከመጀመራችሁ በፊት ሊብሬውን አውጡ። ሊብሬ የመኪና የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ የተሠራችበት ዓመት፣ የሞተር ዓይነት፣ የመጫን አቅም እዚያ አለ። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ ይጠብቃችኋል፤ የዘመን አቆጣጠር። የተሠራችበት ዓመት በፈረንጆቹ ይጻፋል። አገር ውስጥ የገባችበትን ዘመን ደግሞ ባለቤቷ የሚያስታውሰው በእኛው ነው። አንዲት መኪና በ1996 ተሠርታ በ1998 ገባች ብላችሁ ሳትለዩ ብትጽፉ፣ አንባቢው ሁለት ዓመት ያገለገለች ለጋ መኪና አድርጎ ይወስዳታል። የፊተኛው በእነሱ፣ የኋለኛው በእኛ ከሆነ ግን ስትገባ ዕድሜዋ አሥር ዓመት ገደማ ነበር። ስምንት ዓመት ያህል በአንድ መስመር ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዓመት በኋላ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳትጽፉ አትለፉ። ከሁለቱ ይልቅ የሚሻለው ደግሞ ሒሳቡን ለአንባቢው ሠርቶ መስጠት ነው፤ «ስትገባ የአሥር ዓመት መኪና ነበረች» በሉ።

ሁለተኛው ወጥመድ የፋብሪካ ካታሎግ ነው። ካታሎግ የሚጽፈው የፈረስ ጉልበት በባሕር ጠለል አካባቢ ባለ አየር የሚሠላ ነው። ወረታ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ገደማ። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያቃጥልበት ኦክስጅን ይጎድለዋል። በግምት በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 እጅ ያጣል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ካታሎጉ 85 የፈረስ ጉልበት የሚልለት ሞተር ወረታ ሲደርስ 70 ያህል ይሆናል፤ ደብረ ታቦር ሲወጣ ወደ 62 ይወርዳል። መንገዱ ደግሞ በ42 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ 900 ሜትር ሽቅብ ነው። ዳገቱ ሲበረታ ጉልበቱ ይሳሳል። ይህን ሹፌሩ በማርሽ ያውቀዋል፤ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጠ የሚወጣው ለዚህ ነው። ጎብኚው ግን በሜዳ ላይ ተወልውላ ከቆመች መኪና ይህን ሊያይ አይችልም። እንግዲህ «85 የፈረስ ጉልበት» ብላችሁ የጃፓንን ወይም የጣሊያንን ቁጥር ከምትገለብጡ፣ «ደብረ ታቦር ስትደርስ ካታሎጉ ከሚላት ጉልበት ሩብ ያህሉን አየሩ ወስዶባታል» ብትሉ የትኛው ያስቆመዋል?

ሦስተኛው ጭነቱ ነው። በጭነት መኪና በር ላይ የመጫን አቅሟ በኩንታል ተጽፎ ታያላችሁ። ያን መድገም አያስፈልግም፤ የምን ኩንታል እንደሆነ ተናገሩ። ይህ ሜዳ ድሮ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በበጋ የፎገራ ከብት የሚግጥበት ነበር። በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት ሩዝ ተሞከረ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ስንዴ የሚያበላሸው የሚተኛ ውሃ ለሩዝ ተመቸው። ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው በዚህችው በወረታ ነው።

ይህ ከመኪና ጋር ምን ግንኙነት አለው? እነሆ። ካልተፈለፈለ ሩዝ ክብደት ውስጥ አንድ አምስተኛው ያህል ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ደግሞ ቦታ ይይዛል፤ ያልተፈለፈለ ሩዝ የጫነች መኪና ክብደቷ ሳይሞላ ስፖንዳዋ ይሞላል። የመፈልፈያ ቤቶች ወረታ ውስጥ ባይኖሩ ኖሮ ከየአምስቱ ኩንታል አንዱ ገለባ ሆኖ ጎንደር ድረስ ነዳጅ ሲያስከፍል ነበር። እዚህ ተፈልፍሎ ስለሚጫን ነጋዴው የሚከፍለው ለሚበላው ነው። ስለዚህ የኢሱዙዋ ታሪክ ከመፈልፈያ ቤቱ ታሪክ አይለይም። ሰሌዳው ላይ አንዲት መስመር ስጡት፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሩዝ የሚበላ የከተማ ሰው ይህን አያውቅም።

ውሃውንም አትርሱ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቁበትን ጊዜ እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ አሳልፋችሁታል። ያን ጊዜ ሰው ያወጣች፣ እህል ያደረሰች፣ ወይም ራሷ ተውጣ የቀረችና በኋላ የተነሣች ተሽከርካሪ ካለች ይህ ከየትኛውም ቀለምና ጌጥ ይበልጣል። ግን አንድ ሕግ አስቀምጣለሁ፤ ያለ ምስክር አትጻፉ። ሰነድ ካለ በሰነዱ፣ ፎቶ ካለ በፎቶው፣ ሰው ካለ በሰው አረጋግጡ። ያለው የባለቤቷ ትዝታ ብቻ ከሆነ «ባለንብረቱ እንደሚናገሩት» ብላችሁ በግልጽ አስቀምጡት። ትዝታን እንደ ትዝታ መጻፍ የሚያሳፍር አይደለም። እንደ ሰነድ አድርጎ መጻፍ ግን አንድ የሚያውቅ ሽማግሌ ፊት ለፊታችሁ ሲስቅ ያዋርዳችኋል።

አራተኛው፣ ምናልባትም ብዙዎቻችሁ የምትሸሽጉት፣ ጥገናው ነው። በካሊፎርኒያ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደውን የፔብል ቢችን የመኪና ውበት ውድድር የመሰሉ ትርኢቶች፣ ከፋብሪካ እንደ ወጣች የቆየች ወይም ወደዚያው መልክ በጥንቃቄ የተመለሰች መኪናን ያከብራሉ። የእነሱ ሚዛን ለእነሱ ይሁን። እኛ ግን መኪና በጋራዥ የሚያኖር ሀብት አልነበረንም፤ እየሠራች ነው ያኖርናት። መለዋወጫ ሲጠፋ ቶርኖ ቤት ወስደን አስቀረጽን፤ ባቲላሜራው የተጋጨውን በር በመዶሻ መለሰው፤ ጎሚስታው የተበሳውን ጎማ ስንት ጊዜ ለጠፈው። የፎገራ ዋልካ ሲያሰጥምና የደጋው ኮረኮንች ሲያንገጫግጭ ባሌስትራ ላይ ብረት ተጨመረ። ይህን ሁሉ ደብቃችሁ «ኦሪጅናል» ብላችሁ ብትጽፉ ሁለት በደል ትፈጽማላችሁ። ጎብኚውን ትዋሹታላችሁ፤ የጠጋኙንም እጅ ትክዳላችሁ። «ሞተሯ ተቀይሯል፤ ስፖንዳዋ ወረታ ተሠራ፤ መሪዋ ብቻ የመጀመሪያው ነው» ብላችሁ ጻፉ። መካኒኩ ፈቃደኛ ከሆነ ስሙን አስገቡለት። ዕድሜ ልኩን ዘይት ውስጥ የኖረ ሰው አንድ ቀን ስሙ በሰሌዳ ቢነበብ ምን ይጎዳል?

አምስተኛው መተው ያለበት ነገር ነው። ከፍተኛ ፍጥነትን አትጻፉ። ሕዝባችን ኢሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየማት ለጌጥ አልነበረም፤ በፍጥነቷ ሰው ስላለቀ ነው። ፍጥነት በሰሌዳ ላይ መፎከሪያ ከሆነ፣ ከጎኑ የሚቆመው ልጅ ምን እንደሚማር አስቡ። እንዲሁም የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የባለቤቱ ስልክና አድራሻ ሰሌዳው ላይ አይውጡ። ቁጥሮቹ ለአጭበርባሪ መንገድ ይከፍታሉ፤ ስልኩ ደግሞ ትርኢቱን ገበያ ያደርገዋል።

አሁን ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። የምነግራችሁ መኪና የለችም፤ ለማስተማሪያ የፈጠርኳት ናት። የተለመደው ሰሌዳ እንዲህ ይላል፤

«ኢሱዙ ኤን ፒ አር። ሞዴል 1996። ቀለም ነጭ። በጥንካሬዋ የተመሰከረላት፣ ወደር የማይገኝላት።»

እኔ የምመኘው ደግሞ ይህን ነው፤

«ከወረታ ደብረ ታቦር፣ 900 ሜትር ሽቅብ። ይህች መኪና በ1996 እ.ኤ.አ. ተሠርታ በ1998 ዓ.ም. አገራችን ገባች፤ ያኔ የአሥር ዓመት መኪና ነበረች። በወረታ የተፈለፈለ ሩዝ ጭና በዓለም በር በኩል ትወጣለች፤ ስትመለስ የደጋ ድንች ትጭናለች። ደብረ ታቦር ስትደርስ ካታሎጉ ከሚላት ጉልበት ሩብ ያህሉን የሳሳው አየር ወስዶባታል። ሞተሯ ሁለት ጊዜ ታድሷል። ጎንበስ ብለው የኋላ ባሌስትራዋን ይመልከቱ፤ የተጨመረው ብረት የዚህ መንገድ ምልክት ነው።»

ልዩነቱን አያችሁ? በፊተኛው ውስጥ ያለው «ወደር የማይገኝላት» የሚለው ምስጋና ለማንኛውም መኪና ይሆናል፤ ለላዳም፣ ለላንድክሩዘርም፣ ለባጃጅም። የኋለኛው ግን ከዚህች መኪና ተነሥቶ ሌላዋ ላይ ቢለጠፍ ውሸት ይሆናል። ይህ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ የጻፋችሁትን ሰሌዳ ጎረቤት ካለችው መኪና ላይ በሐሳባችሁ ስቀሉት፤ እዚያም የሚያገለግል ከሆነ ቀድዳችሁ እንደገና ጻፉት። ሌላም ነገር አለ። የመጨረሻው መስመር ጎብኚውን ጎንበስ ያስደርገዋል። ሰሌዳ አንባቢውን ከራሱ አውጥቶ ወደ መኪናዋ ሲመልሰው ሥራውን ጨረሰ።

ወደ አጻጻፉ ልለፍ። ሰው ቆሞ ብዙ አያነብም። ፀሐይ አለ፣ ልጅ ይጎትተዋል፣ የሚቀጥለው መኪና ይጠራዋል። ሙዚየሞች ለአንድ ዕቃ ከ50 እስከ 75 ቃል ያህል መስጠት የለመዱት ለዚህ ነው። እናንተም እዚያው ላይ ቁሙ። የፊደሉን ቁመት በተመለከተ ቀላል ስሌት ውሰዱ፤ አንባቢው በሚቆምበት በየ1 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ስጡት። ርእሱ ከ5 ሜትር እንዲነበብ ከፈለጋችሁ 5 ሴንቲ ሜትር፤ ዝርዝሩ ከ1 ሜትር ተኩል እንዲነበብ 1.5 ሴንቲ ሜትር። 84 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ አግድም ሰሌዳ ላይ 60 ቃል በዚህ መጠን ሰባት ስምንት መስመር ያህል ይሆናል፤ ለርእስና ለአንድ ሥዕልም ቦታ ይተርፋል።

የእኛ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው። አናባቢው ያለው በትንሿ ቅጥያ ውስጥ ነው። ቁ እና ቂ፣ ሩ እና ሪ የሚለዩት ጥፍር በምታክል ነገር ነው። ፊደሉን አለቅጥ አወፍራችሁ ካጨቃችሁት ቅጥያው ይደፈናል፤ አንባቢው በግምት ያነባል። ስለዚህ ፊደሉ መካከለኛ ውፍረት፣ መስመሩ ሰፊ ክፍተት ይኑረው። ትልቅና ትንሽ የሚባል የፊደል መደብ ስለሌለን ደግሞ አንድን ነገር ለማጉላት የላቲኑን ብልሃት መዋስ አንችልም። የራሳችን ብልሃት ግን እዚህ አፍንጫችን ሥር አለ። በጣና ገዳማት ያሉትን የብራና መጻሕፍት ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ጽሑፉ በጥቁር፣ የከበረው ስም በቀይ ነው። ጸሐፊዎቹ ቀዩን የትም አይረጩትም፤ ስለሚቆጥቡት ነው ዓይን የሚይዘው። በእናንተም ሰሌዳ ላይ ቀይ የሚገባው አንድ መስመር ብቻ ይኑር፤ ዓይን የማያየውን ዋና ነገር የያዘው። የቀረው በነጭ ወይም በፈዛዛ ቢጫ ላይ ጥቁር ይሁን። ባንዲራ፣ ጥላ፣ የሚያበራ ፍሬም፣ የጽጌረዳ ሥዕል ይቅር።

ሥዕሉን በተመለከተ ሕጉ ያው ነው። አጠገቡ የቆመችውን መኪና ፎቶ አታድርጉ። የሌለውን አሳዩ፤ ከመታደሷ በፊት የነበረችበትን፣ ሩዝ ጭና የተነሣችበትን፣ ወይም መንገዱን። እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ያለውን ዳገት በአንድ መስመር የሚያሳይ ንድፍ ነው፤ ግራው ዝቅ፣ ቀኙ ከፍ፣ ሁለቱ ከፍታዎች በቁጥር። ማንበብ የማይችልም ሰው ይገባዋል።

ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ጽሑፉን በስልክ መልእክት አትላኩ። በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ያለው የግእዝ ፊደል በእነሱ ከሌለ ፊደሉ ወደ ሣጥን ሣጥን ይለወጣል፤ ሠራተኛው እንደገና ሲተይበው ደግሞ ስህተት ይገባል። ፊደሉን አብሮ በያዘ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ። ከመታተሙ በፊትም ጽሑፉን ያላየ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። ከተቻለ ግን የከተማችንን የማስታወቂያ ጸሐፊዎች አትርሷቸው። በላሜራ ላይ በቀለም ቅብ የሚጽፍ እጅ የጭነት መኪናዎቻችንን ጥቅስ ሲጽፍ የኖረ ነው፤ ሰሌዳውም ራሱ የሚታይ ሥራ ይሆናል። በፀሐይ ደግሞ ከርካሽ ባነር ይልቅ ይቆያል።

የሚቆምበትን ቦታ ልጨምር። የሚያብለጨልጭ ሽፋን ያለው ሰሌዳ በፎገራ ፀሐይ መስታወት ይሆናል፤ አንባቢው የራሱን ፊት ያያል። የማያንጸባርቅ ይሁን፤ ፊቱም ከቀትር ፀሐይ ዞር ይበል። መካከሉ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 አካባቢ ሆኖ ትንሽ ወደ ላይ ቢያጋድል ልጅም፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ሰውም ያነበዋል። ከመኪናዋ ፊት ለፊት አታቁሙት፤ ኮፈኗን ይሸፍናል፤ ከሹፌሩ በር ጎን ትንሽ ራቅ አድርጉት። መሬታችን ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ እግሩን ይውጠዋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀጭን እግር ያለው ማቆሚያ ሥር ሰፊ ጣውላ ይደልደል፤ ለነፋሱም አሸዋ የተሞላ ኬሻ እግሩ ላይ ይጫን።

ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ከእያንዳንዱ መኪና ጎን አንድ አስረጂ ይቁም። ሹፌሩ ራሱ ቢሆን ይመረጣል። ሰሌዳው ላይ ያለውን ይናገር፤ ሌላ ከጨመረም የሚያውቀውን ብቻ።

በመጨረሻ ስለ ወደፊቱ አንድ ነገር። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው፤ ለእነሱም ሰሌዳ ይጻፋል። የጉልበት መቀነስ ጥያቄው ግን አይነሣም፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያቃጥል ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም። ጎብኚው የሚጠይቀው ባትሪው ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚይዝ፣ ሙሉ ሆኖ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚወስድ፣ የት እንደሚሞላ ነው። እዚህም ካታሎጉን አትመኑ፤ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር በፋብሪካው አገር በተወሰነ መለኪያ የተገኘ ነው። ከወረታ ባሕር ዳር ደርሳ ስትመለስ፣ ደብረ ታቦር ወጥታ ስትወርድ ስንት ከመቶ እንደቀራት ለክታችሁ ጻፉ። ዳገቱ ሲወስድ ቁልቁለቱ የተወሰነውን ይመልሳልና ሁለቱንም ንገሩን። ያኔ ሰሌዳችሁ ከሻጩ ወረቀት የበለጠ ይታመናል።

በነዳጅ የሚሠሩት መኪኖች ደግሞ ካሁን በኋላ እያረጁ ይሄዳሉ። ስለ እነሱ የሚያውቁት አረጋውያን ሹፌሮችና መካኒኮችም እንደዚያው። ይህን ሁሉ ያልኩት ለአንድ ቀን ትርኢት ብቻ አይደለም። ጥሩ ሰሌዳ ሠርታችሁ ከትርኢቱ በኋላ አንድ ላይ ብታስቀምጧቸው፣ የዚህ ሜዳ የመንገድና የሥራ ታሪክ በእጃችሁ ይሆናል።

ስለዚህ የቤት ሥራ ሰጥቻችሁ ልሰናበት። ከዚህ ስትወጡ ሦስት ነገር አድርጉ። ሊብሬውን አውጡና ዓመቶቹን ለዩ። መኪናዋን ከነዱት ወይም ከጠገኗት ውስጥ በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው ፈልጋችሁ ታሪኳን ጠይቁት፤ የሚነግራችሁን ጻፉ። ከዚያ ካገኛችሁት ሁሉ፣ መኪናዋ ፊት የቆመ ሰው በዓይኑ ሊያየው የማይችለውን አንድ ነገር መርጣችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ርእሳችሁ እርሱ ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ሳይገኝ ማንም ወደ ማተሚያ ቤት አይሂድ።

 ጥያቄና እርማት ያላችሁ፣ በተለይ ከመሪ ጀርባ ብዙ ዘመን የቆያችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።